የዲኤንኤ አሰላለፍ ፕሮግራሞች፦ የፓራሜትር ምርጫና የሥሪት ማሻሻል

የዲኤንኤ አሰላለፍ ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የአንዱ ፊደል ከሌላው የትኛው ፊደል ጋር እንደሚጣመር መወሰን ነው። ሥራው በኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራል፤ ከታወቁት መካከል ብላስት፣ ቢደብልዩኤ፣ ቦውታይ 2፣ ሚኒማፕ 2፣ ክላስታል እና ማፍት ይገኙበታል። የአሰላለፍ ውጤት ከቅደም ተከተሎቹ ብቻ የሚወጣ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚሰጠው ነጥብና ቅጣት፣ ፍለጋውን ለማፋጠን የሚጠቀምበት አቋራጭ፣ የመረጃ ቋቱ መጠን እና የፕሮግራሙ ሥሪት ሁሉ በውጤቱ ላይ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፋይል ይዘው የተለያየ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ምናልባትም ሁለቱም አልተሳሳቱም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ነጥብና ቅጣት

ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ እነርሱም አደኒን፣ ሳይቶሲን፣ ጓኒን እና ታይሚን ናቸው። በኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ በላቲን የመጀመሪያ ፊደላቸው ይወከላሉ፤ እዚህ ግን አ፣ ሳ፣ ጓ እና ታ ተብለው ይጻፋሉ።

ፕሮግራሙ ሁለት ፊደላት ሲገጥሙ ነጥብ ይሰጣል፣ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ይቀጣል። በአንዱ ያለ ፊደል በሌላው ከሌለ ደግሞ ክፍተት ያስገባል፤ ለክፍተቱም ይቀጣል። ድምሩ ከሁሉም የበለጠው አሰላለፍ «ምርጥ» ይባላል። ምርጥነቱ ግን በተሰጠው የነጥብ ሕግ መሠረት ነው እንጂ በተፈጥሮ የሆነው ነገር እሱ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ አሳጓታአሳ እና አሳታጓአሳ የተባሉትን ሁለት ባለ ስድስት ፊደል ቅደም ተከተሎች እንውሰድ። ያለ ክፍተት ሲሰለፉ፦

አ ሳ ጓ ታ አ ሳ
አ ሳ ታ ጓ አ ሳ

አራት ፊደላት ይገጥማሉ፣ ሁለት አይገጥሙም። በክፍተት ሲሰለፉ ደግሞ፦

አ ሳ ጓ ታ – አ ሳ
አ ሳ – ታ ጓ አ ሳ

አምስት ፊደላት ይገጥማሉ፣ ሁለት ክፍተቶች ይገባሉ። ለመግጠም 1 ነጥብ ተሰጥቶ፣ ላለመግጠም 1፣ ለአንድ ክፍተት 2 ቢቀነስ የመጀመሪያው 2 ነጥብ፣ ሁለተኛው 1 ነጥብ ያገኛሉ፤ ያለ ክፍተት ያለው ያሸንፋል። ላለመግጠም የሚቀነሰው ብቻ ከ1 ወደ 3 ከፍ ቢል የመጀመሪያው ወደ −2 ይወርዳል፣ ሁለተኛው እዚያው 1 ላይ ይቆያል፤ አሸናፊው ተቀየረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሁለት ፊደላት በሌላ ተተክተዋል ይላል። ሁለተኛው አንድ ፊደል ጠፍቷል፣ አንድ ፊደል ገብቷል ይላል። ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ ስለሚነበብ የአንድ ፊደል መጥፋት ከዚያ በኋላ ያለውን ንባብ ያዛባል፤ ስለዚህ ልዩነቱ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ በክፍተት የሚሰለፈው ሌላም መንገድ አለው። ታን ከማጣመር ይልቅ ጓን ማጣመር ይቻላል፣ ነጥቡም እኩል ነው። እንዲህ ሲሆን የትኛውን እንደሚያወጣ የሚወስነው የፕሮግራሙ ውስጣዊ አሠራር ነው፤ ተጠቃሚው አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም።

ትክክለኛውን ከፍተኛ ድምር ያለ አቋራጭ የሚያሰላውን አልጎሪዝም በ1970 ሶል ኒድልማን እና ክርስቲያን ቩንሽ አሳተሙ። ይህ ቅደም ተከተሎቹን ከዳር እስከ ዳር ያሰልፋል። በ1981 ቴምፕል ስሚዝ እና ማይክል ዋተርማን በጣም የሚመሳሰለውን ክፍል ብቻ ፈልጎ የሚያሰልፈውን አቀረቡ። ከዳር እስከ ዳር ወይስ በከፊል የሚለው ምርጫ ከቅጣቶቹ ሁሉ ይቀድማል። ቦውታይ 2 ካልተነገረው በቀር ንባቡን ከዳር እስከ ዳር ያሰልፋል፤ ቢደብልዩኤ-ሜም ግን ያልገጠመውን ጫፍ ቆርጦ መተው ይችላል።

የመግጠም ነጥብና ያለመግጠም ቅጣት የሚመረጡት በሚጠበቀው የመመሳሰል መጠን ነው። በብላስት መመሪያ እንደተገለጸው 1 ለ −3 የሆነው ጥምር 99 በመቶ ያህል ለሚመሳሰሉ፣ 1 ለ −2 የሆነው 95 በመቶ ያህል ለሚመሳሰሉ፣ 1 ለ −1 የሆነው ደግሞ 75 በመቶ ያህል ለሚመሳሰሉ ቅደም ተከተሎች ይስማማል። የሰውን ናሙና ከሰው ጂኖም ጋር የሚያስተያይ ሰው ጠበቅ ያለ ቅጣት፣ ራቅ ያሉ ዝርያዎችን የሚያስተያይ ሰው ላላ ያለ ቅጣት ያስፈልገዋል።

የክፍተት ቅጣት

በተፈጥሮ አሥር ፊደል በአንድ ጊዜ መጥፋቱ፣ አሥር ነጠላ ፊደላት በአሥር የተለያየ ቦታ ከመጥፋታቸው ይልቅ የሚጠበቅ ነገር ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ክፍተትን ለመክፈት ከፍ ያለ፣ ለማራዘም ዝቅ ያለ ቅጣት ይጥላሉ። ይህን ስሌት በፍጥነት የሚሠራ ዘዴ ኦሳሙ ጎቶ በ1982 አሳተመ።

ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት ቁጥሩን ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲገለብጡ ነው። በብላስት መክፈቻ 5፣ ማራዘሚያ 2 ከተባለ ባለ አንድ ፊደል ክፍተት 7 ያስቀጣል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ፊደል መክፈቻውንም ማራዘሚያውንም ይከፍላል። በቢደብልዩኤ-ሜምም እንዲሁ ነው፤ ነባሪዎቹ መክፈቻ 6፣ ማራዘሚያ 1 ስለሆኑ ባለ አንድ ፊደል ክፍተት 7 ይሆናል። ኤምቦስ በተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ግን የመጀመሪያው ፊደል መክፈቻውን ብቻ ይከፍላል፤ ማራዘሚያው ከሁለተኛው ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሁለት ነው።

የቃል ርዝመት

የስሚዝና ዋተርማን ስሌት ለግዙፍ የመረጃ ቋት አዝጋሚ ነው። ስቲቨን አልትሹል፣ ዋረን ጊሽ፣ ዌብ ሚለር፣ ዩጂን ማየርስ እና ዴቪድ ሊፕማን በ1990 ያሳተሙት ብላስት ይህን በአቋራጭ ያልፈዋል። መጀመሪያ በሁለቱም ቅደም ተከተሎች ያለ አንዳች ልዩነት የሚገኝ አጭር «ቃል» ይፈልጋል፤ ካገኘ ከዚያ ተነሥቶ ግራና ቀኝ ያራዝማል። ቃል ካላገኘ ቦታውን ጭራሽ አያየውም።

የዲኤንኤ ፍለጋ የሚሠራው ብላስትኤን የተለያዩ የሥራ ዓይነቶች አሉት። ሜጋብላስት የሚባለው 28 ፊደል ያለው ቃል ይፈልጋል፤ ብላስትኤን በሚለው ስም የሚጠራው የሥራ ዓይነት 11 ፊደል፣ ለአጫጭር ቅደም ተከተሎች የተዘጋጀው ደግሞ 7 ፊደል። ፊደል በፊደል 90 በመቶ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅደም ተከተሎች ቢኖሩና ልዩነቶቹ በዘፈቀደ ተበትነዋል ብንል፣ ከአንድ የተወሰነ ቦታ ጀምሮ 11 ተከታታይ ፊደላት የመግጠማቸው ዕድል 31 በመቶ ያህል ነው። ለ28 ፊደላት ግን 5 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። መመሳሰሉ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የመጀመሪያው ወደ 8.6 በመቶ፣ ሁለተኛው ወደ 0.2 በመቶ ይወርዳል። ሜጋብላስት ፈጣን የሆነው በጣም የሚቀራረቡትን ብቻ ስለሚያይ ነው።

ግልጹ ምሳሌ የፒሲአር ፕራይመር ነው። ፕራይመር አብዛኛውን ጊዜ 20 ፊደል ያህል ይረዝማል። በትዕዛዝ መስመር፣ የሥራውን ዓይነት ሳይገልጹ ቢፈልጉት ፕሮግራሙ «ምንም አልተገኘም» ይላል፤ 20 ፊደል ውስጥ 28 ፊደል ያለው ቃል ሊኖር አይችልምና። ይኸው ፍለጋ በብላስት ድረ ገጽ ላይ ሲደረግ ግን ገጹ የግቤቱን አጭርነት አይቶ ፓራሜትሮቹን ራሱ ያስተካክላል። በድረ ገጹ የተገኘው በቤት ኮምፒዩተር ላይ ጠፋ ብሎ ፋይሉን የሚጠራጠር ሰው ጊዜውን ያባክናል።

የኢ ዋጋ እና የመረጃ ቋቱ መጠን

ብላስት ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የኢ ዋጋ የሚባል ቁጥር ያወጣል። ይህም በዚያ መጠን ባለ የመረጃ ቋት ውስጥ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ያለው ግጣም በአጋጣሚ ብቻ ስንት ጊዜ ይጠበቃል የሚለውን ይገልጻል። በቀላሉ ሲሰላ የጠያቂው ርዝመት በቋቱ ርዝመት ተባዝቶ፣ ለሁለት በቢት ነጥቡ ያህል ጊዜ ይካፈላል።

500 ፊደል ያለው ጠያቂ 1 ቢሊዮን ፊደል ባለው ቋት ውስጥ 50 ቢት ነጥብ ቢያገኝ የኢ ዋጋው 0.00044 ያህል ነው። ቋቱ ወደ 10 ቢሊዮን ፊደል ሲያድግ ያው ግጣም፣ ያው ነጥብ፣ የኢ ዋጋው 0.0044 ይሆናል። የማለፊያ መስመሩን 0.001 ላይ ያደረገ ሰው ባለፈው ዓመት ያገኘውን ውጤት ዘንድሮ ያጣዋል። የተቀየረ ጂን የለም፤ ቋቱ ነው የሰፋው። ትልቁ የኑክሊዮታይድ ቋት በመቶዎች ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ያሉ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ትንሽ ቋት ይሠራሉ፤ በእሱ ላይ የተገኘ የኢ ዋጋ ከትልቁ ጋር አይወዳደርም። የቋቱን መጠን እንደ ቋሚ ቁጥር አድርጎ ለፕሮግራሙ መስጠት ይቻላል፤ ወይም በኢ ዋጋ ፋንታ የቢት ነጥቡን ማወዳደር ይሻላል።

የወባ ጥገኛ ተሐዋሲ ምሳሌ

የፓራሜትር ምርጫ ከሕክምና ጋር ከሚገናኝባቸው ቦታዎች አንዱ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ነው። ጂኖሙ በ2002 ታተመ፤ ወደ 23 ሚሊዮን ፊደል ሲኖረው ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ አ እና ታ ነው። ብላስትኤን በነባሪው ደስት የሚባል ማጣሪያ ስለሚጠቀም ተደጋጋሚና ቀላል የሆኑ ክፍሎችን ለመነሻ ቃል ፍለጋ አይወስዳቸውም። ለብዙ ፍጥረታት ይህ ከብዙ የማይረባ ውጤት ያድናል። ረጃጅም የአ እና የታ ድግግሞሽ በሞላው በዚህ ጂኖም ላይ ግን እውነተኛውንም ክፍል ሊሸፍን ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ኤችአርፒ2 የተባለው ጂን ነው። በብዛት ጥቅም ላይ የዋሉት ፈጣን የወባ መመርመሪያዎች የሚይዙት ይህ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። ጂኑ ከተሐዋሲው ከጠፋ በሽተኛው ወባ ይዞትም ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እንዲህ ያሉ ተሐዋስያን መኖራቸውን የሚያሳይ ጥናት በ2021 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በጂኑ መጥፋት ምክንያት የሚያመልጡ ሕሙማን 5 በመቶ ሲደርሱ አገሮች የመመርመሪያውን ዓይነት እንዲቀይሩ ይመክራል። ስለዚህ «ጂኑ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ትልቅ ውሳኔ ያስከትላል።

ኤችአርፒ2 በ8ኛው ክሮሞሶም ጫፍ አካባቢ ይገኛል። በ13ኛው ክሮሞሶም ጫፍ አካባቢ ደግሞ የሚመስለው ኤችአርፒ3 አለ። ሁለቱም በውስጣቸው ብዙ ድግግሞሽ አለባቸው። አንድ አጭር ንባብ ለሁለቱም ቦታ እኩል ሲገጥም፣ ቢደብልዩኤ-ሜም ከሁለቱ አንዱን በዘፈቀደ መርጦ የአቀማመጥ እርግጠኝነት ነጥቡን 0 ያደርገዋል። ተንታኙ እንደ ልማዱ ከ20 ወይም ከ30 በታች የሆነውን ንባብ ሁሉ ቢጥል፣ በጂኑ ላይ ያሉት ንባቦች ከፋይሉ ይወጣሉ፤ ሥዕሉ ላይ ባዶ ቦታ ይታያል። ያ ባዶ ቦታ ከእውነተኛ መጥፋት ጋር ይመሳሰላል።

ለመለየት ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የንባብ ብዛት ማስተያየት ያስፈልጋል። ከማጣሪያው በፊት ንባቦች ካሉ የጠፋው ጂኑ ነው ማለት አይቻልም። በእውነተኛ መጥፋት ጊዜ ደግሞ ክሮሞሶሙ ከጫፉ ስለሚቆረጥ ጎረቤት ጂኖችም አብረው መጥፋታቸው የተለመደ ነው፤ እነሱን ማየት ይረዳል። ከዚያም በላይ በፒሲአር ማረጋገጥ የተለመደ ነው።

የማለፊያው ቁጥር ራሱ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያል። የቢደብልዩኤ-ሜምና የሚኒማፕ 2 ከፍተኛው የእርግጠኝነት ነጥብ 60 ሲሆን የቦውታይ 2 42 ነው፤ 30 የሚለው መስመር በሁለቱ አንድ ዓይነት ጥብቅነት የለውም። ተመሳሳይ ችግር በጤፍም ላይ አለ። ጤፍ ከሁለት የቀድሞ ዝርያዎች የተገኙ ሁለት ንዑስ ጂኖሞችን ስለያዘ አብዛኛው ጂኑ የሚመስለው አቻ አለው፤ አንድ ንባብ የየትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ሥሪት ሲቀየር

በብላስት ታሪክ ብዙ ሰው ሳያውቅ ያለፈው ለውጥ ከአሮጌው ብላስትኦል ወደ ብላስት ፕላስ የተደረገው ሽግግር ነው። ብላስት ፕላስን የሚገልጸው ጽሑፍ በ2009 ታተመ። በአሮጌው የዲኤንኤ ፍለጋ ነባሪው የቃል ርዝመት 11፣ የነጥብ ጥምሩም 1 ለ −3 ነበር። በአዲሱ ብላስትኤን የሚለው ትዕዛዝ ሌላ ነገር ካልተነገረው ሜጋብላስትን ይሠራል፤ ቃሉ 28፣ ጥምሩ 1 ለ −2 ሆነ። ስሙ አንድ ነው፣ ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፣ ፕሮግራሙም ቶሎ ይጨርሳል፤ ራቅ ያሉት ዘመዳሞች ብቻ ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። መፍትሔው የሥራውን ዓይነት በትዕዛዙ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ጉዳይ የሚመለሱትን ውጤቶች ከፍተኛ ቁጥር የሚወስነው አማራጭ ነው። ብዙዎች ይህን 1 ካደረጉት ምርጡ አንድ ውጤት የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። በ2018 የወጣ ጽሑፍ እንዳሳየው ገደቡ በመጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በፍለጋው መካከልም ይሠራል፤ ስለዚህ የሚመጣው አንድ ውጤት ምርጡ መሆኑ ዋስትና የለውም። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል በሰጠው መልስ በምሳሌው ላይ የታየው ነገር ከአንድ የፕሮግራም ስህተት ጋር የተያያዘ መሆኑንና በ2.8.1 ሥሪት መታረሙን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከ5 ሲያንስ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ጥሩው አሠራር ብዙ ውጤት አስመጥቶ ምርጡን ራስ መለየት ነው።

በ2.10.0 ሥሪት ደግሞ የቋት መሥሪያው ነባሪ ቅርጽ ወደ 5ኛው ዓይነት ተቀየረ፤ አሮጌ ፕሮግራሞች ይህን ማንበብ አይችሉም። ይህ እንኳን ደግ ነው፤ ቢያንስ ስህተት ብሎ ይቆማል። አስቸጋሪው ዝም ብሎ የሚቀየረው ነው።

የፕሮግራሙ ሥሪት ባይቀየርም ውጤቱ ሊቀየር ይችላል። ቢደብልዩኤ-ሜም ንባቦችን በጥቅል እየወሰደ ይሠራል፤ የጥቅሉ መጠን በተሰጠው የክር ብዛት ይወሰናል፣ የጥንድ ንባቦች ርቀትም የሚገመተው ከየጥቅሉ ነው። በ4 ክር እና በ16 ክር የተሠራ ሥራ በጥቂት ንባቦች ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። የጥቅሉን መጠን በአማራጭ ቋሚ ማድረግ ይህን ያስቀራል። በአንጻሩ ቢደብልዩኤ-ሜም 2 የተሠራው ከቀድሞው ጋር አንድ ዓይነት ውጤት እያወጣ እንዲፈጥን ነው፤ ማውጫው ግን እንደገና መሠራት አለበት። በሚኒማፕ 2ም የቃል ርዝመቱ በማውጫው ውስጥ ስለሚታተም፣ አስቀድሞ የተሠራ ማውጫ ይዞ በትዕዛዙ ላይ ሌላ ርዝመት መጻፍ ለውጥ አያመጣም።

ማጣቀሻ ጂኖምም ሥሪት አለው። በ2009 እና በ2013 የወጡት የሰው ማጣቀሻዎች ለአንድ ጂን የተለያየ የቦታ ቁጥር ይሰጣሉ፤ መቀላቀል የለባቸውም።

ማሻሻያውን እንዴት ማካሄድ ይቻላል

በተጀመረ ሥራ መካከል ሥሪት መቀየር አይመከርም። ግማሹ ናሙና በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ከተሠራ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ከናሙናው ይሁን ከፕሮግራሙ መለየት አይቻልም። የታረመው ስህተት ሥራውን የሚነካ ከሆነ ሁሉንም ናሙና ከመጀመሪያው መሥራት ግድ ነው።

አዲሱን ሥሪት አሮጌውን ሳያጠፉ ለብቻው መጫን በኮንዳ ወይም በዶከር ይቻላል። ከዚያ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ትንሽ የሙከራ ስብስብ በሁለቱም ይሠራል። ስብስቡ ቀላል ነገር ብቻ መያዝ የለበትም፤ አንድ አጭር ፕራይመር፣ አንድ ራቅ ያለ ዘመድ፣ አንድ ተደጋጋሚ ክፍል እና ምንም ውጤት ሊያመጣ የማይገባው አንድ ቅደም ተከተል ቢኖርበት ብዙ ይገልጣል። ፓራሜትሮች በሙሉ በትዕዛዙ ላይ ተጽፈው ከነባሪ ጥገኝነት ከተላቀቁ በኋላም ልዩነት ከታየ፣ ምክንያቱ የአሠራር ለውጥ ወይም የታረመ ስህተት ነው፤ ያን ጊዜ የሥሪቱን የለውጥ ዝርዝር ማንበብ ነው። ሥሪትና ፓራሜትር በአንድ ቀን መቀየር ግን ምክንያቱን ያደባልቃል።

የአሰላለፍ ውጤት የሚቀመጥበት የሳም ፋይል በራስጌው ላይ ፒጂ የሚባል መስመር አለው፤ የፕሮግራሙን ስም፣ ሥሪቱንና የተሰጠውን ሙሉ ትዕዛዝ ይይዛል። ከሌላ ሰው የተቀበሉትን ፋይል ከመተንተን በፊት ይህን መስመር ማየት ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። የብላስት የሰንጠረዥ ውጤት በነባሪው ቅርጹ እንዲህ ያለ መረጃ አይዝም፤ አስተያየት መስመሮችን የሚጨምረው ቅርጽ ሥሪቱንና የቋቱን ስም ይጽፋል፣ ፓራሜትሮቹንና ቋቱ የወረደበትን ቀን ግን ተጠቃሚው ራሱ መመዝገብ ይኖርበታል።